የማለዳ ሚዛን

ብርቅነሽ በአምቦ በአንድ የምርምር ጣቢያ የአይጥ ቤት ጠባቂ ናት። በደጋዋ ጎጆ ከተማ ያደገች፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ብትሆንም፣ ሁልጊዜ ማለዳ መጥረጊያ ከማንሳቷ በፊት እያንዳንዷን አይጥ ትመዝንና ክብደቷን በደብተሯ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም፤ እንስሳ ከመታመሙ አስቀድሞ ሥጋው ይከዳዋል ብላ ነው።

ዶክተር ናትናኤል በአፍንጫ የሚንጠባጠብ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይፈትሽ ነበር። ሰኞ ዕለት ለግማሾቹ አይጦች ክትባቱን ብቻ፣ ለቀሩት ኃይሉን ይጨምራል ከተባለ ማጎልበቻ ጋር ሰጣቸው። ማጎልበቻው ጉዳት ከሌለው ቀጣዩ የሕፃናት አፍንጫ ነው። ረቡዕ ማጎልበቻ የወሰዱት ክብደታቸው ቀነሰ። ብርቅነሽ ለዶክተሩ ብትነግረው የሚዛኑን ባትሪ እንድትቀይር መከራት። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆመ፤ ዓርብ ዘጠኝ አይጦች ሞተው ተገኙ።

ከቀትር በኋላ ዶክተሩ ከአይጥ ቤቱ ኃላፊ ከኦቦ ኩምሳ ጋር መጣ። የያዘው ወረቀት አይጦቹ ጠባቂዋ በቂ ሰጋቱራ ባለማንጠፏ በብርድ እንደሞቱ፣ ስለዚህም ከውጤቱ እንደሚሰረዙ ይገልጻል። የጎደለው የእርሷ ፊርማ ነው። ቅጣት እንደማይደርስባት በትሕትና አስረዳት፤ ውሏ በሐምሌ እንደሚያበቃም በጨዋታ መካከል አነሳ። ያልተማረ ሰው ሲዋሽ ፊቱ ያጋልጠዋል፤ የተማረ ሲዋሽ ሠንጠረዥ ያበጃል።

ብርቅነሽ ሁለቱን ሰዎች ወደ መደርደሪያው ወሰደቻቸው፤ የሁለቱም ወገን አይጦች ሳጥኖች፣ የወሰዱት በካርድ ተጽፎባቸው፣ ጎን ለጎን ነበሩ።

«ዶክተር፣ እኔ የጎጆ ልጅ ነኝ፤ ብርድ ሲገድል አይቻለሁ። በረት ገብቶ ይኼን በግ ትቶ ያኛውን አይመርጥም። ዘጠኙም የእርስዎን ማጎልበቻ የወሰዱ ናቸው። ብርዱ የሳጥኑን ካርድ አንብቦ ነው የገደላቸው?»

«ዹጋ ነው» አለ ኦቦ ኩምሳ በዝቅታ፣ እውነቷን ነው ለማለት።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ይህ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም» አለ ዶክተሩ።

«ሞታቸው በስሜ ሊጻፍ ከሆነማ የእኔ ጉዳይ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ከሥሩ የዘጠኙን አይጦች ክብደት ከሰኞ እስከ ሐሙስ በእጇ ጻፈችበት፤ ከዚያም ፈረመች።

ኦቦ ኩምሳ ወረቀቱን ከነቁጥሩ ለግምገማ ኮሚቴው አቀረበው፤ ግዴታው ነውና ምስጋና አይገባውም። ሙከራው ታገደ። የብርቅነሽ ውልም በሐምሌ ሳይታደስ ቀረ። በምትኳ የገባው ሰው ቤቱን በደንብ ይጠርጋል። ሚዛኑ ግን መጋዘን ገብቷል።