የእንቁጣጣሹ ካሴት

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ የባለቤቴ የአልማዝ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው። ቀልድ አያልቅበትም የምባል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አለቀብኝ። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው።

ጂንካ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሬዲዮ ነው የሚሉኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ስለማወራ ነው። «ሬዲዮ እንኳን ባትሪው ሲያልቅ ዝም ይላል» ትል ነበር አልማዝ።

እሷ የአሪ ልጅ ናት። አባቷ ንብ ያነቡ ነበር፤ እሷም ገበያ ላይ ማር ትሸጥ ነበር። ብዙ አትናገርም። በእርግጥ እኔን አግብታ መቼ ትናገር? ፎቶ የሚባል ነገር ደግሞ አትወድም። ስልክ ከደቀንክባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ ስትሞት ከመታወቂያዋ ፎቶ ሌላ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልተወችልንም።

ልጃችን ሰላም ነርስ ናት፤ የምትሠራው ኦሞራቴ ነው። እናትና ልጅ የሚገናኙት በድምፅ መልእክት ነበር። እናቷ ካረፈች በኋላ ሰላም እነዚያን መልእክቶች እየከፈተች ትሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ስትሳፈር ስልኳ ከእጇ አምልጦ ኦሞ ወንዝ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ኦሞ የዋጠውን አይመልስም።

ሰላም ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ልጄ የአያቷን ድምፅ ሳትሰማ ልታድግ ነው። ለእኔም እየጠፋብኝ ነው። ማታ ማታ ላስታውሰው እሞክርና እምቢ ይለኛል። አንተ ጋ ምንም የለም?»

«እኔ ጋ ያለው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው» አልኳት።

ቀልዴን ነበር። አልሳቀችም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እኔም አልሳቅኩም። ያኔ ነው አንድ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ትዝ ያለኝ።

የዛሬ ልጆች አይገባቸውም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ነጋዴ። ስርጭቱ በወጉ አይደርሰንም፤ ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው የበዓሉን ፕሮግራም ከቴሌቪዥን ይቀዳና ካሴቱን በአውቶቡስ ይልክላቸዋል። ዘፈኑም፣ ጭውውቱም፣ አስማተኛውም፣ ጥያቄና መልሱም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ግን ካሴቱ አርባ ምንጭ ላይ ያድራል፣ ሹፌሩ ይረሳዋል፣ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል። የእንቁጣጣሽ ፕሮግራም ጂንካ የሚገባው አደይ አበባው ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው።

እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? በዓሉን እንደገና እናከብራለን። ሴቶቹ የበዓል ቀሚሳቸውን ከሻንጣ አውጥተው ይለብሳሉ። ዳቦ ይደፋል፣ ቆሎ ይቆላል፣ እነ ጋሽ በቀለ ሳሎን ውስጥ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አዘጋጁ «እንኳን አደረሳችሁ!» ሲል፣ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ይላል። ኅዳር ላይ! ያን ቀን በደጅ ያለፈ እንግዳ ሰው አብደዋል ቢል አይፈረድበትም።

አንድ ዓመት ላይ ፕሮግራሙ በጣም ስላሳቀን ለራሳችን እናስቀረው ተባለ። ወንድምየው ግን ሌላ በዓል ሊቀዳበት ካሴቱን መልሱልኝ ይላል። ለመገልበጥ ደግሞ ሁለተኛ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ ያስፈልጋል፤ ከተማው ውስጥ የለም። ሠርግ የሚቀርጸው ጓደኛዬ ማሙሽ መላ አመጣ። ያንን በትከሻ የሚያዝ ትልቅ ካሜራውን ሁለት የቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጠና ቴሌቪዥኑን ራሱን ቀረጸው።

«ዝም በሉ፤ ድምፅ ይገባል!» አለ።

ማን ዝም ይላል? ስለዚህ ማሙሽ የቀዳው የበዓሉን ፕሮግራም ብቻ አልነበረም። ቤቱን በሙሉ ነው የቀዳው። ሳቁን፣ ሳሉን፣ ቆሎው ሲቆረጠም ሳይቀር። አልማዝም እዚያ ነበረች፤ ካሜራው አጠገብ፣ በርጩማ ላይ። ካሜራው ወደ እሷ ስላልዞረ ፊቷን አልሸፈነችም።

ማሙሽን ፈልጌ አገኘሁት። ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ቆይቷል፤ አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ጓዳው ውስጥ ያሉትን ካርቶኖች ስንፈታ ግማሽ ቀን ሄደ።

«ይሄ የእነ ከበደ ሠርግ ነው፤ ተፋተዋል» ይላል ማሙሽ። «ይሄም ተፋቷል። ይቺ አግብታ እንደገና አገባች፤ ሁለቱንም የቀረጽኩት እኔ ነኝ።»

«ካሜራህ ነው እንዴ ችግሩ?»

«ዝም ብለህ ፈልግ፣ ሬዲዮ።»

ከታች፣ የካርቶኑ ወለል ላይ አገኘነው። ጀርባው ላይ በእስኪርቢቶ «እንቁጣጣሽ፣ እነ ጋሽ በቀለ ቤት» ይላል። ሻጋታ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል። ማሙሽ ካሴቱን በብሎን መፍቻ ከፈተና ክሩን በጥጥና በአልኮል ቀስ እያለ ጠረገው።

«ስማ፣ አንዴ ይጫወት ይሆናል። ሁለቴ ግን አልምልልህም» አለኝ።

ማጫወቻውን ዴክ ያገኘሁት ከጂንካ ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ ካኮ ነው። አንድ ፀጉር አስተካካይ ድሮ ቪዲዮ ያሳይበት የነበረ ዴክ አለው አሉኝና በገበያ ቀን ሄድኩ። ዴኩ አለ፤ ላዩ ላይ ሬዲዮ ተቀምጦበታል።

«ይሠራል?» አልኩት።

«ሬዲዮውን ተሸክሞ ይኸው ስንት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይሥራ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ሬዲዮውን አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ዴኩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «መልሰህ አምጣልኝ ብቻ፣ ጋሼ።»

ሰላም ሕፃኗን ታቅፋ ከኦሞራቴ መጣች። እሑድ ከሰዓት ነው። ማሙሽ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገመዶቹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካካ። መብራት እንዳይሄድ እየተሳቀቅን ተቀመጥን። ሰላም ስልኳን አወጣችና ቴሌቪዥኑ ላይ ደቀነችው። ልክ ማሙሽ ያኔ እንዳደረገው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እስኪያልቅ ድረስ እንዳታወራ።»

«በእናትሽ ሞት!» አልኳት። ምን ብዬ እንደማልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው።

ማሙሽ ካሴቱን አስገባው። መጀመሪያ ግራጫ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የጋሽ በቀለ ቴሌቪዥን፤ ላዩ ላይ ያለው የዳንቴል ልብስ ሳይቀር። አዘጋጁ ከነከረባቱ ብቅ ብሎ «እንኳን አደረሳችሁ!» አለ። ቤቱ «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ብሎ መለሰ።

እግዜር ያሳያችሁ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ካሉት ሰዎች ስንቱ ሞቷል። ጋሽ በቀለ ራሳቸው አሉበት፤ በዚያ በጎርናና ድምፃቸው። ማሙሽ ኮፍያውን አወለቀ።

አልማዝም እዚያ ውስጥ አለች፤ ግን ከሌላው ጋር ተቀላቅላለች። ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ ጭውውቱ ተጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ማውራት ጀመረ። አላቋርጥ አለ። ኮሜዲያኑ ገና አፉን ሳይከፍት «አሁን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?» ይላል። ቀልዱን ቀድሞ ይናገራል፣ ራሱ ይስቃል፣ ከዚያ ደግሞ ያስረዳል። እኔ ነኝ፤ ለካ ያን ሰሞን ከጋሽ በቀለ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀድመን አይተነው ነበር።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለ ማሙሽ፣ ጥርሱን ነክሶ እየሳቀ።

እኔ ሁልጊዜ እነ ጋሽ በቀለ ቤት ሰው የሚስቀው በእኔ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ካሴቱ ሌላ ነው የሚለው። እኔ ስናገር ቤቱ ጭጭ ይላል። ስጨርስ፣ ኮሜዲያኑ ተራውን ሲያገኝ ነው የሚሳቀው። ሰላም በጎን አየችኝ። ልታጽናናኝ ፈልጋ መሰለኝ፤ እኔ ግን ቃሌን ጠብቄ ዝም ብያለሁ።

ከዚያ አንድ ጭውውት መጣ። ሰውየው አምፖል ሊቀይር ጠረጴዛ ላይ ይወጣና መውረድ ይፈራል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ በረድ ሲል፣ ከካሜራው አጠገብ፣ ልክ ጆሮዬ ሥር ያለች እስኪመስለኝ፣ አንዲት ሴት በቀስታ እንዲህ አለች፦

«አባቴ እኮ አንድ ቀን ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ...»

አልማዝ ናት። ያ ቀጭን ድምፅ። ያ የአሪ ለዛ። እየሳቀች ነው የምትናገረው።

እኔ ቃል መግባቴን ረሳሁ። ከወንበሬ ተነስቼ «ይቺ ናት! ሰማሽ? ይቺ እኮ ናት እናትሽ! ሰላሜ፣ ሰማሽ ወይ?» ብዬ ጮህኩ። ካሴቱ ውስጥ ያለው ጎረምሳም በዚያው ቅጽበት «አባትሽማ ከዛፍ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ባይመቱ አንቺን ለእኔ ይድሩ ነበር?» ብሎ ጮኸ። በዚህኛው ቀልዴ እንኳን በእውነት ተሳቀ። ከዚህ በኩል እኔ፣ ከዚያ በኩል እኔ፤ እሷ መሐል ላይ ጠፋች።

ሳቁ ሲያልቅ ግን እንደገና መጣች። ጥርት ብላ።

«ኧረ ዝም በል አንተ ሰውዬ! እንስማበት!»

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ዛሬ የተናገረችኝ ነው የመሰለኝ። ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ምስሉ ተንሻፈፈ፣ ድምፁ እንደሚያቃስት ሰው ወፈረ፣ ዴኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ማሙሽ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው። ካሴቱን ሲያወጣው ክሩ እንደ አንጀት ተዘርግፎ ተከተለው፤ ከሁለት ሦስት ቦታ ተበጥሷል፣ የቀረውም ተጨማዷል። ማሙሽ መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሊያቃናው ሞከረ። ትንሽ ቆይቶ ተወው።

«ስልኩ አለ» አለ። «ሰላም ቀድታዋለች።»

ሰላም ከፈተችው። «አባቴ እኮ አንድ ቀን» የሚለው ይሰማል። ከዚያ የእኔ ጩኸት ነው፤ ሁለታችንም፣ ወጣቱም ሽማግሌውም። ሰላም እንደገና ከፈተችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ሆኖ ነበር፣ አባዬ? አያቴ ዛፍ ላይ ወጥቶ ምን ሆነ?»

«አላውቅም።»

«አልነገረችህም?»

«ነግራኝ ይሆናል» አልኳት። ሕፃኗ አለቀሰችና ሰላም ይዛት ወደ ደጅ ወጣች።

በኋላ የአልማዝን ወንድም ጠየቅሁት። እሱም አርጅቷል። አገጩን እያሻሸ ብዙ አሰበና «አባባ ስንት ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥቷል፤ የቱን ልንገርህ?» አለኝ። እንግዲህ አማቴ እስከ ዛሬ ዛፉ ላይ ናቸው። የሚያወርዳቸው የለም።

ዴኩን ለካኮው ፀጉር አስተካካይ መለስኩለት። «ሰማችሁ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌላ ነገር እስክጨምር ድረስ ትንሽ ጠበቀኝ። አልጨመርኩም። ሬዲዮውን መልሶ ላዩ ላይ አስቀመጠው።

ሰላም ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቆርጣ ላከችልኝ። ስልኬ ውስጥ አለች። ሕፃኗም ኦሞራቴ ሆና ትሰማታለች፤ የአያቷ ድምፅ ለእሷ ይኸው ነው። አያቷ በዚህ ዓለም ላይ የተናገረችው ነገር ቢኖር ዝም በል ማለት ብቻ ይመስላታል።

አሁን ቤቴ ቴሌቪዥን አለ፤ ስርጭቱም ጥርት ብሎ ይገባል። የበዓል ፕሮግራም በቀኑ፣ በሰዓቱ ይመጣል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት። አዘጋጁ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። እኔም ቀስ ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ አፌን አልከፈትኩም። አንድም ቃል ሳያመልጠኝ፣ ቀልዱን ሁሉ ሰማሁት።

አንዱም አላሳቀኝም።