እናቴ ለቅሶ የደረሰች ዕለት

እናቴን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ዛሬም ሽንኩርቷን ዘርግታ ገበያ ስትቀመጥ ከሩቅ አያታለሁና፣ ያቺ የዚያን ቀኗ ሴት እውነት ይቺ ነበረች? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እንጃ።

እኛ ቤት ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ንፋስ መውጫ ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ታማሚውንም አስታማሚውንም ስቆጣ እውላለሁ። እናቴ ግን ሰው ፊት ድምጿ አይሰማም። ገበያተኛ ዋጋ ሲያወርድባት "እሺ፣ ውሰጂው" ብላ ትሰጣለች። እድር ስብሰባ ላይ አንድ ቀን አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። "የእሷንም ምላስ አንቺ ወስደሽባት እኮ ነው" እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱብኛል፤ እኔም እውነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ዝናብ እየዘነበ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና፣ ከአርብ ገበያ በኩል አህያውን እየነዳ የሚመጣ ጎልማሳ ገጨ። ሰውየው ሐኪም ጋ ሳይደርስ አረፈ። ወንድሜም በራሱ እግር ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። የሟች ታላቅ ወንድም ግን ቀብሩ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እስር ቤት ዘላለም አይደብቀውም፤ የወጣ ቀን ደሜን እመልሳለሁ" ብሎ ማለ። እኛ አገር እንዲህ ያለ መሐላ ወሬ ሆኖ አይቀርም። ሽማግሌ ላክን፤ "አፈሩ ሳይደርቅ ምን ልታወሩ ነው?" ተብለው ከደጅ ተመለሱ።

በሰልስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከጓዳ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ለቅሶ።"

"የማን ለቅሶ?"

"የልጁ ነዋ።"

ጉድ ፈላ! የገዳይ ወገን እርቅ ሳይወርድ የሟችን ለቅሶ አይረግጥም፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። "እማየ፣ አብደሻል እንዴ? ይገድሉሻል እኮ!" ብዬ በሩ ላይ ተገተርኩ። የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። እሳቸውም "አይሆንም ልጄ፣ ጊዜውን ጠብቂ" አሏት። ጉልበታቸውን ስማ፣ "አባቴ፣ ይፍቱኝ" አለችና በጎናቸው አለፈች። እየተናደድኩም እየፈራሁም ተከተልኳት።

ዳሱ ጋ ስንደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ለቅሶውን አቋርጦ ያየን ጀመር። አንዱ ለአንዱ በጆሮው ይነግረዋል። የሟች ታላቅ ወንድም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እናቴ ወደ እሱ ዞራም አላየች፤ ቀጥ ብላ ሴቶቹ መሐል ገባችና ድምፅ አወጣች። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁትም። እውነቴን ነው የምለው፣ ዞር ዞር ብዬ ሌላ ሴት ፈለግሁ።

"ራቱን ከድኜለት ቆሜ ስጠብቀው፣
ምነው አፈር ቀድሞ ወስዶ የደበቀው።"

መጀመሪያ የተቀበላት የለም። ሁለተኛውን ስትል አንዲት አሮጊት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ለዚሁ ተጠርታ የመጣችው አልቃሽ እንኳ ከእሷ አፍ እየጠበቀች ታለቅስ ጀመር። ግጥሙ አያልቅም፣ ይወርዳል። እኔ የማውቃት እናቴ እኮ ጥቂት ካወራች ደክሟት ውኃ የምትጠይቅ ሴት ናት! እኔም ሳላስበው ደረቴን እየመታሁ አለቅሳለሁ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን ግራ ገባኝ። ለሟች ነው? ለወንድሜ ነው? ለዚች ለማላውቃት ሴት?

የሟች እናት በሰው ተደግፈው ተነሡ። መጥተው የእናቴን አንገት አቀፉ፤ ሁለቱም አብረው ወደቁ። እንደ ምንም ቀና ሲሉ ልጃቸውን ጠሩት።

"መሣሪያህን አስቀምጥ። እንዲህ አድርጋ ልጄን ላለቀሰችልኝ እናት ልጇ አይነካባትም። ብትነካው ጡቴ ይፋረድህ!"

ሰውየው እንደ ቆመ ቀረ። ዓይኑ እናቴ ላይ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ግራ የገባው መሰለኝ። ኋላ ጠመንጃውን አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንዲመጡ የተፈቀደላቸው እዚያው ነው።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እሷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንድድ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ኖራ እኔ ልጇ እንዴት አላውቅም?

"ማነው ያስተማረሽ?" አልኳት።

"ማንም።"

"ሟቹን እኮ አታውቂውም! የማን ራት ነው ከድነሽ የጠበቅሽው?"

ቆመች። ዓይኗ ከለቅሶው አባብጧል።

"ለወንድምሽ ነው ያበጀሁት" አለችኝ። "ያ ሰው ማለ ሲሉኝ ጊዜ፣ ሬሳውን ሲያመጡልኝ ምን ብዬ አለቅሳለሁ ብዬ ስገጥም ነው የሰነበትኩ።"

ጎንበስ ብዬ የነጠላዋን ጫፍ ከጭቃው አነሣሁላት።

"አሁን ለሰው ልጅ ሰጠሁት፤ ሌላ የለኝም" አለች። "እንግዲህ ወንድምሽ ይቅበረኝ።"