ከቦሌ ገርጂ፣ የሾፌርነት ፈተና

ንጋት 12 ሰዓት ከሩብ፣ ላምበረት

ጭቃው እንዳያበላሽብኝ ደህናውን ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወሬ ነው። የሄድኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «ሴት ሾፌር?» ይሉና ወንበር ይሰጡኛል፤ ሥራ ግን አይሰጡኝም። ዛሬ ቦሌ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለተግባር ፈተና ጠርቶኛል።

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጥቅሉን አይተው «ሥጋ ነው?» አሉኝ።

«ጫማ ነው፣ አባባ።»

«እሱም ደግ ነው» አሉ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቦሌ

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጓድ ታፈሰ ማመልከቻዬን ሳያነቡ የፒካፕ ቁልፍ ሰጡኝ።

«ፈተናው ረጅም ነው» አሉ አጠገቤ ሲቀመጡ። «ችሎታ በአጭር መንገድ አይታወቅም።»

3 ሰዓት ከሩብ፣ መገናኛ

«እዚህ ጋ አቁሚ፤ አቋቋምሽን ልይ።» አቆምኩ። ከጣውላ መሸጫው ስድስት ጣውላ ተጫነ። «አሁን ደግሞ በጭነት እንይሽ» አሉ።

ኮተቤ አቀበቱ ላይ መኪናውን አቁሜ ተነስቼ አሳየኋቸው። ለዚያ ፈተና ሁለት ጆንያ ፉርሽካ ጫንን።

5 ሰዓት ተኩል፣ ገርጂ

ኮረኮንች መንገድ፣ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ። በሩን የከፈቱልን የጓድ ታፈሰ ባለቤት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ጣውላው ሲራገፍ ሽሮ አቀረቡልኝ።

«አንቺስ ስንተኛዋ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የምኑ?»

«የማክሰኞው ልጅ ድንጋይ አመጣልን። የሐሙሱ ቆርቆሮ። ጎበዞች ነበሩ።»

«ተቀጠሩ?»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሽሮ ጨመሩልኝ።

ተናደድኩ። ቁልፉን ወርውሬ በእግሬ ልሄድ አሰብኩና ስምንቱ ወር ትዝ አለኝ። በላሁ፤ ጓድ ታፈሰንም ወደ ቦሌ መለስኳቸው።

8 ሰዓት፣ እንደገና ቦሌ

ጓድ ታፈሰ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ለስብሰባ ተጠርተው ገቡ። የስምሪት ሠራተኛው መዝገብ ዘረጋልኝ። ነዳጅ በኩፖን ስለሆነ ከግቢ የወጣ መኪና የት፣ ለምን እንደሄደ ይጻፋል። «ሁልጊዜ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አንቺ ሙዪ» አለኝ።

የሆነውን ጻፍኩ። መገናኛ፣ ጣውላ። ኮተቤ፣ ፉርሽካ። ገርጂ፣ የኃላፊው ቤት። ፈረምኩ።

ጓድ ታፈሰ ተመልሰው አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሄድንበት ነው።»

«ፈተና ብለሽ ብትጽፊ ይበቃ ነበር።»

«እሺ፣ ፈተና ብዬ ላስተካክለው።» እስክሪብቶውን አነሳሁ። «ውጤቱንስ ምን ልበል?»

የስምሪት ሠራተኛው ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ጓድ ታፈሰ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና የጻፍኩትን ሰርዘው «የመንዳት ፈተና፣ አልፋለች» ብለው ጻፉ።

«ሰኞ ሥራ ግቢ» አሉኝ፤ ፊቴን ሳያዩ።

11 ሰዓት፣ ላምበረት

አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል። በአሰብ መስመር ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ አሁን ወገቡን አሞት ቤት ይውላል። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ሰኞ ግቢ ተባልኩ» አልኩት።

በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ፍሬኑ እንዴት ነው?»

«ወደ ግራ ይስባል።»

«ሰኞ መጀመሪያ እሱን አስጠብቂ» አለና ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።