ሰንሰለት ያልያዘ መኪና ወደ ደካ አይሄድም

ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አለቃዬ ስለ መኪና ጉዞ ማስታወቂያ እንድጽፍ አዘዙኝ። ምን ምን እንደሚጻፍ የነገሩኝ ግን ሾፌራችን ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ከጽሕፈት መኪናዬ አጠገብ ቆመው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አስጻፉኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎማ ሰንሰለት ያልያዘ መኪና ወደ ደካ አይሄድም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከኋላ አይገጠምም። ሰንሰለቱ ጭቃው ሳይጀምር ጎማው ላይ ይታሰራል፤ ጠጠር መንገድ ላይ ሲደረስ ይፈታል።

«መኪናው ጭቃ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ቢታሰርስ?» አልኳቸው።

«ከተያዘ በኋላማ ጎማው ተቀብሯል። በየት በኩል ታስገቢዋለሽ?» አሉና ፈገግ አሉ።

ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እኔም ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ እናቴ ከምትኖርበት ከደካ የተመለሰ ባልደረባዬ እሷ ትኩሳት ይዟት መተኛቷን፣ «ልጄን ጥሩልኝ» እያለች መሆኑን ነገረኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። መድኃኒት የጫነችው የመሥሪያ ቤታችን ፒካፕ በማግስቱ ጠዋት ወደዚያው ስለምትሄድ፣ አለቃዬ አብሬ እንድሄድ ፈቀዱልኝ።

ጠዋት ጓዜን ይዤ ስደርስ ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሰንሰለቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውታል። አንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል። ብየዳ ቤት ይዘነው ሄድን፤ እዚያ ደግሞ መብራት ጠፍቷል።

«በሽቦ ይታሰርና እንሂድ» አልኩ።

«ሽቦ ቁልቁለቱ ላይ ይበጠሳል።»

«እናቴ ታማብኛለች እኮ፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እሰርዘዋለሁ!»

አልተቆጡም። «ወረቀቱን ሰርዢው» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጭቃውን ማን ይሰርዘዋል?»

ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በዚያ ሰዓት እንደ እሳቸው የጠላሁት ሰው አልነበረም። ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና ወደ ሰንሰለቱ ተመለሱ። መብራት መጥቶ መቆለፊያው ሲበየድ ረፋዱ አልፎ ነበር።

ከከተማ ወጥተን ደኑ ውስጥ ገባን፤ ዝናቡም ያካፋ ጀመር። ጋሼ ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ቆመው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ሰንሰለት አሰሩ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ወርደው አጠበቁት። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በእኔ በኩል ያለው ገደል ታች ድረስ አይታይም። መኪናዋ አንዴ ተንሸራታ ጎኗን ለገደሉ ሰጠች። ዐይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው ሰንሰለቱ መሬቱን ነክሶ ያዘና መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለች ቀጥ ብላ ወረደች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አላዩም፤ «ይኸውና» የሚል ፊትም አላሳዩኝም።

ከቁልቁለቱ በታች ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ የአካባቢው ገበሬዎች ድንጋይ ተሸክመው ያነጠፉት መንገድ ነበር። ጋሼ ቆሙና ሰንሰለቱን ሊፈቱ ወረዱ።

«አሁን ደግሞ ምን?» አልኩ።

«በዚህ ከሄድንበት ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። ሰዎቹ በጀርባቸው ነው ያመጡት።»

ጭቃው ላይ ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ቋ ሲል ተሰማኝ፤ አፈርኩ። ወርጄ በሌላኛው ጎማ በኩል ተንበረከክሁ። ከሜዳው ማዶ ጭቃው እንደገና ሲጀምር አንዱን እኔ አሰርኩት። መቆለፊያው ጎማውን እንዳይበላ አፉ ወደ ውጭ እንዲሆን በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ፤ ስጨርስ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት።

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አሉ። ደስ አለኝ፤ እናቴ ታማ እያለች ደስ ስላለኝም ደነገጥኩ።

ደካ የደረስነው ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቿ ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ አስወግተዋት፣ ትኩሳቱ ከቀትር በኋላ ለቋታል። ከስታለች፤ ዐይኖቿ ግን የራሷ ናቸው። ሮጬ ላቅፋት ስል እጆቼን ያዘችና ገልብጣ አየቻቸው። እስከ ክርኔ ጭቃ ነኝ።

«እኔን ታማለች ብለው ላኩብሽ? የታመምሽውስ አንቺ ትመስያለሽ!» አለች። ጎረቤቷን ውኃ አስመጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠበችልኝ። እምቢ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልሰማችኝም።

ጋሼ ጫማቸው ጭቃ ስለሆነ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እናቴ በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ «ይግቡ እንጂ!» አለቻቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ቆጮና ጎመን ቀረበልን። ሁለቱ የማን ልጅ፣ የማን ዘመድ መባባል ጀመሩ፤ አንድ የጋራ የሩቅ ዘመድ አገኙና እናቴ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። እኔ ጭኗ ላይ ጋደም ብዬ ስሰማቸው፣ ወሬው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።