ከሠረገላ የወረዱት ሦስት እህትማማቾች

ገና ልጅ ሳለሁ፣ የከተማችን የኮኪት ሙቀት ሰውን ከቤት ሲያስወጣ፣ አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋችንን፣ ግቢ አውጥተን እላዩ ላይ እንኮለኮልና፣ ለቢምቢ ያጨስነው ኩበት ዓይናችንን እየለበለበው፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ሙሉ የሚያወሩትን እንሰማ ነበር።

እትዬ፣ ካርቱም ውስጥ የአንዲት ጀርመናዊት ልጆች ሲያሳድጉ ኖረው የተመለሱ ሴት ናቸው። ሴትየዋ የመሳፍንት ዘር ስለነበረች፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ ለልጆቿ ስትቆጥር እትዬም አብረው ሰምተዋል። ግዛታቸው ከእኛ ከመተማ ወረዳ የማይሰፋ እነዚያ የጀርመን መሳፍንት፣ ልጆቻቸውን እየዳሩ አውሮፓን በጋብቻ ወረሷት። አንዱ ልጃቸው የሰው አገር ንጉሥ ሆነ፤ የአንዷ ልጅ እንግሊዝን ገዛች፣ ያገባችውም የገዛ አጎቷን ልጅ ነበር።

«በስመ አብ! ሰባት ቤት አይቆጥሩም እንዴ?» ትላለች እናቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ።

እኔና ታላቅ እህቴ ትርንጎ ግን የምንወደው የእነዚሁ መሳፍንት ልጆች የሆኑትን የሦስቱን እህትማማቾች ታሪክ ነበር። የሩሲያ ንግሥት ለልጅ ልጇ ሚስት ፈልጋ ሦስቱንም አስመጣች፤ ከሠረገላ ሲወርዱም በመስኮት ታያቸዋለች። የመጀመሪያዋን ቀሚሷ ጠልፎ ጣላት። ሁለተኛዋ ዘላ ወረደች። ሦስተኛዋ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእርጋታ ወረደች፤ ንግሥቲቱም «እሷን» አለች።

«ትርንጎዬን ማለት ናት» ይላሉ እትዬ፣ በፋኖሱ ብርሃን የእህቴን ፊት እያዩ።

«እኔስ?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«አንቺማ ዘላ የወረደችው ነሽ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአንገረቡ ስወርድ ግን ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ነበር።

ትርንጎ የመምህራን ኮሌጅ እንደጨረሰች፣ የአንድ የአብደራፊ ከተማ ሰሊጥ አምራች ልጅ ሽማግሌ ላከ። ኮሌጅ ሳለች የምታውቀው፣ የምትወደው ልጅ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ውኃ ስታቀርብ በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ያኔ እንዴት እንደጠላኋት!

በሠርጉ ዋዜማ ከእትዬ ጋር ሽንኩርት ስንልጥ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ የተመረጠችው ልዕልት መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባሏ ክፉ ነበር። ጥላው ወደ አገሯ ገባች።»

«ታዲያ ለምን ነግረውን አያውቁም?»

«ይሄ ለሙሽራ ይነገራል? ላንቺ ነገርኩሽ፤ ለሷ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኳትም። ግን ከአብደራፊ መኪና በመጣ ቁጥር ትርንጎ ሻንጣዋን ይዛ ትወርድ እንደሆነ አይ ነበር። አልወረደችም። ባሏ ደግ ሰው ሆነ፤ ወልዳ ከብዳ ተቀመጠች።

እኔ ሽንፋ ጤና ጣቢያ በነርስነት ተቀጠርኩ። እትዬ ሲደክሙ ወስጃቸው፣ እስኪያርፉ አብረን ኖርን። ከቀብር መልስ ትርንጎ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ እሳቸው ስንጫወት፣ የልዕልቲቱን መጨረሻ ነገርኳት። ሰምታው አታውቅም።

«ለኔ ተረቱን፣ ላንቺ እውነቱን!» አለች። «የምሬን ነው፣ ቀናሁብሽ።»

ዛሬ የእነዚያ መሳፍንት የዘር ሐረግ ይምታታብኛል፤ ማን ማንን እንዳገባ ረስቻለሁ። የቀረኝ፣ እህቴ ይህን ስትል ፊቷ እንዳልጠቆረ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብቄ የያዝኩትን ቅናት እሷ ሻይዋን ፉት እያለች ተናገረችው። በዚህም ቀናሁባት።