ምርቃት ፍለጋ በቦጎታ

ሶሬቲ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ የበሩን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ይዛ ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። ኮቴዋን ሳታሰማ ኮሪደሩን ታልፋለች። ቤት ውስጥ የተኛ ሰው የለም። ባሏ ኤዶሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ይሄኔ ኦሃዮ ወይም ቴክሳስ ይሆናል።

አሜሪካ፣ ብሩክሊን ሴንተር ከተማ፣ አንድ የአፓርትመንት ሕንፃ ውስጥ ነው በጉርብትና የምንኖረው። እኔ መኪና ስለሌለኝ እስከ ኢገን ከተማ ይዛኝ ትሄዳለች፤ እዚያ የአንድ ቢሮ ካፌቴሪያ ውስጥ ትሠራለች። ታሪኳን የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው፣ ዐይኗን ከፊታችን ካለው መኪና ሳትነቅል።

ልጅ አልወለዱም። ጉዲፈቻ ሲያስቡ፣ ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጋ ልጅ መስጠት ስላቆመች የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የአገር ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር፤ የጉዲፈቻ ኤጀንሲው ኮሎምቢያን አሳያቸው። ባልና ሚስት አብረው መገኘት ስላለባቸው፣ ያኔ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ የነበረው ኤዶሳ ፈቃድ ወስዶ ሁለቱም ቦጎታ ሄዱ። ልጁን ተረከቡ። ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ሆቴል አብሯቸው ሰነበተ። የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ሳሙኤል ይባላል።

«ስሙ እንኳ አላስቸገረንም» ትላለች።

እንቅልፉ የወፍ ነበር፤ በር ጠቅ ካለ ተነሥቶ ይቀመጣል። ቀን ቀን ግን ከኤዶሳ ትከሻ አይወርድም። ኤዶሳ በኦሮምኛ ያወራዋል፣ ልጁ በስፓኒሽ ይመልስለታል፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ምን አለህ?» ትለዋለች ሶሬቲ።

«ሚስትህ ወጥ ታሳርራለች ወይ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ከአሁኑ ዳቦ ልመድ አልኩት።»

ሶሬቲ ግን አንድ ነገር ጎደላት። ባደገችበት በወለጋ ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ የሰጠው ወገን ቆሞ ይመርቃል። ሳይመረቅ የተወሰደ ልጅ ለእሷ እንደ ተሰረቀ ነው። ከልጁ ዘመዶች አንድ ሰው እንድታገኝላት ኤጀንሲው የመደበላቸውን አስተርጓሚ ለመነቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነቀምቴ ያለሽ መሰለሽ?» አላት ኤዶሳ። «አፕሩቭ ሊያደርጉልን ነው። የተኛ ነገር አትቀስቅሺ።»

«አንዲት ቃል ብቻ። ‹እደግ› ይበሉት።»

«እኔ እለዋለሁ። እደግ! ይኸው ተመረቀ።»

የልጁ ሟች እናት እህት ተገኘች። በፕላስቲክ ከረጢት ጓቫ ይዛ ከገጠር በአውቶቡስ መጣች። ልጁ ገና ድሮ ከአገር የወጣ መስሏት ነበር። ልትመርቀው እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ማንሳት አቃታት። የሆነ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚዋ ቶሎ አልተረጎመችም።

«ምን አለች?» አለ ኤዶሳ።

«እኔ ላሳድገው ነው የምትለው።»

ውሳኔው ገና ስላልተሰጠ የአክስቲቱ ጥያቄ ተሰማ። ባልና ሚስቱ ጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። ልጁ ለአክስቱ ተሰጠ።

እንደሄዱ ሁለት ሆነው ተመለሱ። ኤዶሳ አንድም ቀን አልተቆጣትም። የአውቶቡሱን ሥራ ትቶ ለሳምንታት ከቤት የሚያርቅ የጭነት መኪና ያዘ። ሲመሽ ይደውላል።

«በላሽ?»

«በላሁ። አንተስ?»

«በላሁ። በረዶ አለ እዚያ?»

«ትንሽ።»

ከዚህ አያልፍም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ልጆቹ ታችኛው ክፍል ካለው የሰንበት ትምህርት ተለቀው እናቶቻቸውን ፍለጋ ሳይሮጡ በፊት ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ትገባለች። ሞተሩን ቶሎ አታስነሣም።

«እንደገና ቢሆን ምርቃቱን ትተይው ነበር?» አልኳት አንድ ጠዋት።

«እንዴት ብዬ? ሥጋው አለች እኮ!» መብራት ይዞን ቆምን። «ኤዶሳን ግን ብቻውን አስቀረሁት።»

ይህን ጽፌ ሳነብላት አንድ ነገር ከውስጡ እንዳወጣ ለመነችኝ። ኤዶሳ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ እሷ ግን ወሬ እግር አለው ብላ ፈራች። አወጣሁት። በሳምንቱ፣ ሳልጠይቃት፣ «መልሺው» አለችኝ። «ብቻዬን ይዤው ከበደኝ። ለእሱም እኔው እነግረዋለሁ፤ በስልክ ግን አይሆንም፣ ሲመጣ።»

ነገሩ ይህ ነው። አክስቲቱ ልጁን አቅፋ ስትወጣ፣ ኤዶሳ ሲያለቅስ እንዳይታይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለነበር አላየም። ሳሙኤል ወደ ሶሬቲ አልተመለከተም። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሁለት እጆቹን የዘረጋው ወደ ኤዶሳ ጀርባ ነበር።