ሃዲር ባዩ ሾፌር

አሕመዲን ኩዌት ገብቶ ከሁሉ ቀድሞ የለመዳት ቃል «ሃዲር» ናት። እሺ፣ ይደረጋል፣ በእጄ ነው ማለት ናት። አሠሪው ማዳም ዕቃ ተሸከም ስትለው ሃዲር፣ ባቅላው ሱቅ ሮጠህ ና ስትለው ሃዲር። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ የነዳ፣ በመንገዱ ላይ የማንንም ቁጣ የማይሰማ የነበረ ሰው፣ ኩዌት፣ ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር ሲደርስ ምላሱ በዚህች ቃል ታስሮ ቀረ። እኔ አልፈርድበትም። «ላ»፣ እምቢ ያሉ ሾፌሮች በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ በዓይኑ አይቷል።

በዚያ የኮሮና ዓመት፣ ከተማው ሌት ተቀን በሰዓት እላፊ ሲዘጋ፣ ሥራው ወደ አንድ ነገር ጠበበ። የማዳምን አማት ማማ ዓሊያን በሳምንት ሦስት ቀን፣ የፈቃድ ወረቀት ይዞ፣ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ያደርሳል። ማማ ዓሊያ ከኋላ ወንበር ሆነው ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ ይጠይቁታል፤ እሱም ከልቡ ይወዳቸዋል። ማዳም ግን ከበሽታው ፍራቻ የተነሳ በረኪና የማታስነካው ነገር አልነበራትም፤ ሎሚው፣ የበሩ ቁልፍ፣ ዲናሩ ሳይቀር ይታጠባል። ረቡዕ ዕለት ደግሞ የመኪናዋን ኮፈን አስከፍታ፣ «ንፋስ የሚገባው በየት ነው?» አለችው። የሞተሩን የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ አሳያት። «እጠበው» አለች። ያ አየር ወደ ሞተሩ እንጂ ወደ ማማ አፍንጫ እንደማይሄድ አሕመዲን አሳምሮ ያውቃል። ግን ምን ይበል? ሃዲር። ፈትቶ በበረኪና አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ መልሶ ገጠመው።

ሐሙስ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሚኒሞዋ፣ ሳትነዳ የሚሠራው የሞተሩ ዙር፣ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። ነዳጅ ሲረግጥ ታመነታለች፣ ከዚያ ድንገት ትስፈነጠራለች። ቅዳሜ ጠዋት ማማን ይዞ እንደወጣ የትራፊክ መብራት ላይ ጠፋች። አስነሳት፣ ጠፋች። በስንት መከራ እየተጎተተች ወደ ቤት መለሰቻቸው። ማዳም «አምቡላንስማ የኮሮና በሽተኛ የተኛበት ነው» ብላ እንዳይጠራ ከለከለች፤ ሆስፒታሉም ያለፈው አልፏል፣ ሰኞ ይምጡ አለ። የቅዳሜው እጥበት ቀረ።

እሑድ የማማ እግር አበጠ። መተኛት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው ሲያቃስቱ ዋሉ። ሰኞንም ከቀሩ ምን እንደሚመጣ ቤቱ ውስጥ ያላወቀ አልነበረም።

አርዲያ ሰፈር ያሉት ጋራዦች ተዘግተዋል። እዚያ የሚሠራው መካኒክ ጓደኛው ወንድማገኝ የሚኖረው አባሲያ የሚባል ሰፈር ነው፤ አባሲያ ደግሞ በሽቦ ታጥራ መውጫ የለም። ስለዚህ በዚያው እሑድ ምርመራው በስልክ ሆነ። አሕመዲን ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋ።

«በቅርቡ የነካካኸው ነገር አለ?» አለ ወንድማገኝ።

«ምንም።»

የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ፊልትሮ በበረኪና አጠብኩ ብሎ በየት አፉ ያውራ? ወሬው አባሲያን ባንድ ቀን ያዳርሳታል።

ይህች ውሸት ግማሽ ቀን በላች። እሳት ሰጪዎቹን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቶ አየ፤ ደህና ናቸው። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኤሌክትሪክ በየተራ ነቀለ፤ የትኛውንም ሲነቅል ሞተሩ ይብስበታል። «ሁሉም ይሠራሉ ማለት ነው» አለ ወንድማገኝ፣ «እንግዲህ ቤንዚኑ ይሆን?» ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን ሲል የማማ ሳል በመስኮቱ ወጣ፤ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል። አሕመዲን አፈረ።

«ወንድሜ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለና ሁሉንም ነገረው።

ወንድማገኝ አልሳቀም፤ ለአሕመዲን ቢስቅበት ይሻለው ነበር። «ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶውን፣ ከሥር ዳብሰው» አለ ቀስ ብሎ።

ዳበሰው። ዓይን በማያየው በኩል ጎማው ከቦታው ሸርተት ብሏል፤ የጣቱ ጫፍ ገባ።

«ኮምፒውተሯ የምትለካው አየር ሌላ፣ ሞተሩ የሚስበው ሌላ። ነዳጁን በምን ትመጥን? ግፋና አጥብቀው።»

ገፋው፣ ማጥበቂያ ቀለበቱን በካቻቪቴ አጠበቀው። አስነሳት። ጸጥ ብላ ሠራች፤ ሲረግጣትም ሳታመነታ መለሰች። አሕመዲን ደስ አላለውም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ በራሱ ተናደደ፣ እንባውም መጣ። ለጣት ጫፍ ክፍተት ሰው እንዲህ ይሠቃይ?

ሰኞ ጠዋት ማማን ደግፎ አስገባቸው። እግራቸው ጫማ አልገባ ብሎ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ እሱው በሁለት እጁ አንስቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠላቸው። በሩን ሳይዘጋ ማዳም ባልዲ ይዛ መጣች፤ በረኪናው ከሩቅ ይሸታል።

«ከመሄዳችሁ በፊት ያንን የንፋሱን ነገር እጠበው።»

አፉ ልማዱን ሊል ተከፈተ። የማማን እግሮች አያቸው።

«ላ፣ ማዳም» አለ። «ማማ ቅዳሜን ያጡት እሱን ስላጠብኩ ነው። ስገጥመው በደንብ አላጠበቅኩትም። መታጠቡም እንደማይጠቅም አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ማዳም እሱን አየችው፣ ከዚያ በተከፈተው በር የአማቷን እግር አየች። ባልዲው እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ያላ አሕመዲን» አሉ ማማ ዓሊያ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ንዳ።»

«ሃዲር፣ ማማ» አለ። ይችኛዋን ከልቡ አላት።